ርካሽ ገጀራ ለምን ቶሎ ይደነዝዛል? ከካፋ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ከቦንጋ ከተማ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ የቡናና የእንሰት ማሳ ያላቸው ጠያቂያችን በአነስተኛ ዋጋ ሁለት ገጀራ ከገበያ ገዙ። አንደኛው ከመነሻው ሣር እንኳ በቅጡ አልቆርጥ ስላላቸው ከተማ ወስደው በኤሌክትሪክ መሳያ አስሳሉት፤ በመጀመሪያው ቀን እንደ ምላጭ ሠራላቸው፤ በሦስተኛው ቀን ግን ስለቱ እዚህ ጋ እየታጠፈ፣ እዚያ ጋ እየተሸረፈ መጣ። ሁለተኛውን እስካሁን አልነኩትም። ገንዘብ ጨምረው የተሻለ ስም ያለው ገጀራ ይግዙ ወይስ ያላቸውን የሚያስተካክሉበት መንገድ ይኖር እንደሆነ፣ ካለም እንዴት እንደሚስሉት ይጠይቃሉ።

ከሁሉ አስቀድሜ ሁለተኛውን ገጀራ ወደዚያ መሳያ እንዳይወስዱት እለምንዎታለሁ። ሌላው ሁሉ ሊቆይ ይችላል።

በርካሽ የሚሸጥ ገጀራ አብዛኛውን ጊዜ ሥራው ያላለቀ ዕቃ ነው። ፋብሪካው ላሜራውን በቅርጹ ይቆርጠዋል፣ በእሳት ያጠነክረዋል፣ እጀታ ይገጥምለታል፣ በመንገድ ላይ ዝገት እንዳይበላው ቫርኒሽ ይቀባዋል፤ ስለት ማውጣቱን ግን የሰው እጅና ጊዜ ስለሚፈልግ ለገዢው ይተወዋል፣ ወይም ጠርዙን በሻካራ ድንጋይ አንድ ጊዜ ነካ አድርጎ ይለቀዋል። ገጀራ ከእጃቸው በማይለይባቸው በማዕከላዊና በደቡብ አሜሪካ አገሮች ይህ እንደ ጉድለት አይታይም፤ ገበሬው ገጀራውን ያለ ስለት ገዝቶ በሞረድ ራሱ አፍ ያወጣለታል፣ ሞረዱንም ይዞት ወደ እርሻ ይወርዳል። እኛ አገር የሚፈጠረው ቅሬታ በከፊል የሚመጣው ዕቃው አልቆ የተሸጠልን ስለሚመስለን ነው።

ብረቱን በተመለከተ ጥቂት ልበል፤ ይህን የተረዳ ሰው ሌላውን ሁሉ በራሱ ሊደርስበት ይችላል። የብራዚሉ መሣሪያ አምራች ትራሞንቲና ለገጀራዎቹ የሚጠቀምበት ብረት ከመቶ 0.7 ገደማ ካርቦን ያለው ተራ የካርቦን ብረት ነው። ጥሩ ገጀራ በሮክዌል የጥንካሬ መለኪያ ከ50 ጥቂት ከፍ ይላል፤ ጥሩ የወጥ ቤት ቢላዋ ከ56 እስከ 60 ይደርሳል፣ ሞረድ ደግሞ ከ60 በላይ ነው። እንግዲህ ገጀራ ከቢላዋ የሚለሰልሰው ሆን ተብሎ ነው። ድንጋይ ሲመታ መሰበር የለበትም፤ መታጠፍና መልሶ መቃናት አለበት፤ በሞረድ መበላትም አለበት፣ አለበለዚያ ማሳ መሃል ሆኖ መሳል አይቻልም። "ቶሎ ይደነዝዛል" የሚባለው ጠባዩና "በቀላሉ ይሳላል" የሚባለው ጠባዩ አንድ ናቸው። በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ሊስለው ለሚፈልግ ሰው ገጀራ አይመቸውም፤ በቀን ሁለት ጊዜ ለሁለት ለሁለት ደቂቃ ለሚነካው ሰው ግን ከርካሹ የተሻለ መሣሪያ ማግኘት ያስቸግራል።

አሁን የመጀመሪያው ገጀራ ምን እንደደረሰበት እንመልከት። በፍጥነት የሚሽከረከር ደረቅ ድንጋይ፣ በጋራዦች ሞላ የሚሉትም ሆነ በእጅ የሚያዘው ግራይንደር፣ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ቀጭኑን ጠርዝ ከሚችለው በላይ ያግለዋል። የገጀራው ጀርባ፣ ደንደሱ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ስላለው ሙቀቱን ይበትናል፤ ስለቱ ግን እንደ ወረቀት የሳሳ በመሆኑ ሙቀቱ የሚሄድበት የለውም። የተወለወለ ብረት ሲሞቅ ቀለም ይቀይራል፤ ከ220 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ የገለባ ቀለም ይይዛል፣ 300 ገደማ ሲደርስ ሰማያዊ ይሆናል፣ ከዚያም አልፎ ይገረጣል። ገጀራ ሲሠራ ከተጠነከረ በኋላ እንዳይሰበር ተመልሶ በልክ ስለሚሞቅ፣ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ብቻዋን ብዙ አታስደነግጥም፤ ሰማያዊውን አልፎ ግራጫ የሆነው ጠርዝ ግን ለስልሷል፣ በመጀመሪያው ወፍራም ግንድ ላይም ይታጠፋል። ከዚህ የባሰው፣ ጠርዙ እስኪቀላ ድረስ ግሎ ወዲያው ውሃ ውስጥ ሲነከር ነው። በዚያ ቦታ ብረቱ እንደ መስታወት ጠጣር ይሆንና ይሸረፋል። ስለቱ አንድ ቦታ የሚታጠፍ፣ ሌላ ቦታ የሚሸረፍ ከሆነ ሁለቱም ሳይደርሱበት አልቀረም።

ሌላም ጥፋት አለ። ሳዩ ደንበኛውን ለማስደሰት ሲል ስለቱን እንደ ሥጋ ቢላዋ አሳስቶታል። በመጀመሪያው ቀን እንደ ምላጭ የሠራውም በዚህ ምክንያት ነው። እኔም ሥራ በጀመርኩበት ዘመን አዲስ ገጀራ ወስጄ በዚሁ መንገድ አስሳልኩና ቀኑን ሙሉ ስኮራበት ዋልኩ፤ በማግስቱ የወይራ ቅርንጫፍ ስመታበት ስለቱ እንደ ቆርቆሮ ተጠቀለለ። ብልጭታው እየዘነበ የተሳለ ዕቃ ሁሉ በደንብ የተሳለ ይመስላል።

ይህ ገጀራ ግን አልሞተም። የተጎዳው ከጠርዙ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ የታጠፈውንና የተሸረፈውን ክፍል በሞረድ በልቶ ጤነኛው ብረት ድረስ መድረስ ይቻላል። ሞረዱ ራሱ ይነግርዎታል፤ በጤነኛ ብረት ላይ ነክሶ እኩል ድምፅ እያሰማ ይሄዳል፣ በጠጠረው ቦታ ላይ ሳይነክስ ይንሸራተታል፣ በለሰለሰው ላይ ደግሞ ያለ ልክ ጠልቆ ይገባል። የሚንሸራተትበትን ቦታ በኃይል አይግፉት፤ የሞረዱን ጥርስ ይጨርሰዋል። እሱን ብቻ ውሃ በሚጠጣ መሳያ ድንጋይ በትዕግሥት ይጨርሱትና ወደ ሞረዱ ይመለሱ።

ሁለተኛውን ገጀራ ከመሳልዎ በፊት ለድካሙ የሚመጥን መሆኑን ያረጋግጡ፤ ፈተናው ገበያ ላይ ቆመውም የሚደረግ ነው። ጫፉን በእንጨት ላይ አስደግፈው መሃሉን በእጅዎ በመጠኑ ይለምጡት። ሲለቁት ቀጥ ብሎ የሚመለስ ብረት በትክክል ተጠንክሯል፤ እንደታጠፈ የሚቀር ከሆነ ተራ ላሜራ ነውና ስለት አይዝም፣ ምንም ያህል ቢሳል ዋጋ የለውም። ቀጥሎ እጀታውን በሁለት ጣት አንጠልጥለው ደንደሱን በጥፍር ወይም በሳንቲም መታ ያድርጉት። የሚያቃጭል ድምፅ ጥሩ ምልክት ነው፤ የታፈነ ድምፅ የላላ እጀታን ወይም ለስላሳ ብረትን ያመለክታል። በመጨረሻም ስለቱን ወደ ዓይንዎ አቅንተው በርዝመቱ ይመልከቱ፤ የተጣመመውን ይመልሱ። በእኔ ግምት ከስም ይልቅ እነዚህን ሦስት ነገሮች ማየት ይጠቅማል፤ የታወቀ ምልክት አስመስሎ መለጠፍ ቀላል ነው፣ የብረቱን ምልሰት ማስመሰል ግን አይቻልም።

ወደ መሳሉ እንምጣ። የሚያስፈልግዎ ዋና ዕቃ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ጠፍጣፋ ሞረድ፣ በብረት ሥራ ቤት ሊማ የሚሉት ነው። ጥርሱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የተሰመረው፣ እንደ ወንፊት ከተጠላለፈው ይልቅ ለስለት ይስማማል፤ የሚተወው ገጽ ለስለስ ያለ ነው። ሞረዱን ያለ እጀታ አይያዙት፤ ሹል ጭራው መዳፍ ይወጋል። እጀታ ከሌለው ደረቅ የበቆሎ ቆረቆንዳ ይሰኩበት፣ ሳንቲም አያስወጣም፣ ለዓመታትም ያገለግላል። በእጀታውና በሞረዱ መካከል ከአሮጌ ጫማ ሶል የተቆረጠ ክብ ጎማ በስተው ቢያስገቡ፣ እጅዎ ወደ ስለቱ ቢያመልጥ ይከላከልልዎታል። ጥርሱ መሃል የብረት ብናኝ እንዳይጣበቅ ጠመኔ ይፈግፍጉበት፣ በሽቦ ብሩሽም ያራግፉት፤ ዘይት ግን በፍጹም አይንካው፣ የተቀባ ሞረድ ይንሸራተታል።

አዲስ ገጀራ ከሆነ ቫርኒሹን ቢያንስ ከጠርዙ አካባቢ በቲነር ይጥረጉት፤ አለዚያ ሞረዱን ይሞላዋል። ከዚያ ገጀራውን በሞርሳ አጥብቀው ይያዙ። ሞርሳ ከሌለ በወፍራም ግንድ ላይ አስተኝተው፣ ስለቱ ከግንዱ ጠርዝ ትንሽ ወጣ ብሎ ወደ ውጭ እንዲያይ አድርገው በገመድ ይሰሩት። በአንድ እጅ ገጀራ፣ በሌላው ሞረድ ይዞ በአየር ላይ መሳል የለመደ ሰው ሥራ ነው፤ ለጀማሪ ወላዋይ ስለት ይሰጠዋል፣ አንዳንዴም ጣት ያስከፍላል።

ዋናው ቁም ነገር ማዕዘኑ ነው። ሞረዱን በገጀራው ገጽ ላይ አስተኝተው በጥቂቱ ብድግ ያደርጉታል፤ ይህ ብድግታ ለገጀራ በእያንዳንዱ ጎን ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ቢሆን ይበቃል። መለኪያ ለሌለው ሰው የወረቀት ጥግ መለኪያ ነው፤ ጥጉ 90 ዲግሪ ነው፣ በእኩል አንድ ጊዜ ሲታጠፍ 45፣ ዳግመኛ ሲታጠፍ 22 ተኩል ይሆናል። ያን የታጠፈ ወረቀት ከገጀራው አጠገብ አቁመው ሞረዱን በእሱ ልክ ያጋድሉት፤ ከአሥር ምልልስ በኋላ እጅዎ ራሱ ያስታውሰዋል። ሥራው ለስላሳ ሣርና ለጋ አረም ብቻ ቢሆን ከ20 ዝቅ ማለት ይቻል ነበር፤ እርስዎ ግን የቡና ጥላ ዛፍ ቅርንጫፍም ስለሚቆርጡ ከ20 በታች አይውረዱ።

ሞረድ የሚቆርጠው ወደፊት ሲገፋ ብቻ ነው። ስለዚህ ገፍተው ሲጨርሱ ያነሡትና ወደ መነሻው ይመልሱት፤ እየጎተቱ መመለስ ጥርሱን ከማድነዝ በቀር ጥቅም የለውም። ግፊቱ ወደፊት ብቻ ሳይሆን በስለቱ ርዝመትም ሰያፍ ይሂድ፣ እንዲህ ሲሆን ጠርዙ ጎድጓዳ አይኖረውም። ማዕዘኑን በትክክል መጠበቅዎን ለማወቅ ጠርዙን በማርከር ወይም በከሰል ያጥቁሩት፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ገፍተው ሲያዩት ጥቁሩ ከላይ በኩል ብቻ ጠፍቶ ጫፉ ላይ ከቀረ ሞረዱ ከመጠን በላይ ተኝቷል፣ ጫፉ ላይ ብቻ ከጠፋ ደግሞ ከመጠን በላይ ቆሟል።

አንዱን ጎን እየሞረዱ ሲቆዩ በማዶው ጎን ጠርዝ ላይ እንደ ክር የቀጠነ የብረት ትርፍ ይወጣል። ዓይን ብዙም አያየውም፤ አውራ ጣትን ከደንደሱ ወደ ስለቱ አቅጣጫ፣ ወደ ውጭ ብቻ፣ ቀስ አድርገው ሲያሳልፉ ሻካራነቱ ይታወቃል። ይህ ትርፍ ከጫፍ እስከ እጀታ ሳይቋረጥ ካልወጣ ያ ጎን አላለቀም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ መቶ ጊዜ ቢገፋም ትርፉ ሳይወጣ ጎን ከቀየረ ጠርዙ ገና ዱልዱም ነው። ሙሉ በሙሉ ሲወጣ ገልብጠው፣ ትርፉ ወደ መጀመሪያው ጎን እስኪመለስ ሌላውን ጎን ይሞርዱ፤ ከዚያ በየጎኑ አንድ አንድ ጊዜ እያፈራረቁ፣ ግፊቱን እየቀነሱ፣ ትርፉን ያርግፉት። ተንጠልጥሎ ከቀረ ያ ክር በመጀመሪያው ምት ይታጠፍና "ስለቱ ታጠፈ" ያሰኛል።

በመጨረሻ ስለቱ ከገጀራው ገጽ ጋር የሚገናኝበትን ሹል ትከሻ በሞረዱ ቀለል አድርገው ያክብቡት። ሆዱ በትንሹ ያበጠ ስለት ወደ እንጨት ሲገባ አይጣበቅም፣ ከኋላውም ብረት ስለሚደግፈው ይበረታል። መሳያ ድንጋይ ካለዎት ጥቂት ማለስለስ ይቻላል፤ ለሣርና ለለጋ ግንድ ግን ከሞረድ የሚተርፈው ረቂቅ ጥርስ ራሱ ይጠቅማልና አልገፋፋዎትም። ወረቀት መቁረጥ ወይም የክንድ ፀጉር መላጨት ለገጀራ ፈተና አይሆንም። የቆመ ለጋ ሣር በእጅዎ ሳይዙት በቀላል ምት ከተቆረጠ በቂ ነው።

ርዝመቱን በሙሉ እኩል መሳልም አያስፈልግም። ከእጀታው ቀጥሎ ያለው አንድ ጋት ያህል ብዙም ስለማይቆርጥ ደንዝዞ ይቅር፤ አንዳንዴ ለመያዝም ያገለግላል። ጉልበቱ የሚያርፈው ከጫፉ ወደ ውስጥ አንድ ሦስተኛ ላይ ስለሆነ ጥሩውን ስለት እዚያ ያውጡ። የገጀራውን ጫፍ፣ ጥቂት ጣት ያህሉን፣ ግን አፈርና ድንጋይ የሚነካው እሱ ነውና ሞረዱን ይበልጥ አቁመው ወፈር ያድርጉት። በአንድ ጎን ብቻ የሚስሉ ሰዎች አሉ፤ መሬት ለመሬት ሣር ለሚያጭድ ሰው መጥፎ አይደለም፣ ግንድ ላይ ሲያርፍ ግን ወደ አንድ ጎን ስለሚስብ ለእርስዎ ዓይነት ድብልቅ ሥራ አልመርጠውም።

አንዴ እንዲህ ከወጣ በኋላ ያለው ሥራ ቀላል ነው። ለምንጣሮ ሲወጡ ሞረዱን ይዘው ይውጡ፤ ቁርስ ሲበሉ በየጎኑ አምስት ስድስት ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላም እንዲሁ። እስኪደነዝዝ የሚጠብቅ ሰው ደንዝዞ የቆየውን ለመመለስ ግማሽ ሰዓት ያጠፋል፣ በመሃልም በደነዘ ገጀራ ጉልበቱን ይጨርሳል፤ አደጋ የሚደርሰውም በአብዛኛው ያን ጊዜ ነው። የደነዘ ገጀራ አይገባም፣ ይነጥራል።

አጠቃቀሙም የስለቱን ዕድሜ ይወስናል። እጀታውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት አጥብቀው ሦስቱን ጣቶች ላላ ያድርጓቸውና ምቱ ሊያርፍ ሲል ብቻ ይጨብጡ፤ ጫፉ የሚፈጥነው በዚህ ነው፣ ክንድም አይዝልም። ቀጥ ብሎ የቆመ ግንድ በጎን ሲመታ ጭረቱን ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚቆርጥ ይቋቋማል፤ በ45 ዲግሪ ሰያፍ ሲመታ ግን በጭረቱ መካከል ሾልኮ ይገባል። ቀጭን ቡቃያ ከሆነ በግራ እጅዎ ጎንበስ አድርገው በተወጠረው፣ በውጭው ጎኑ በኩል ሲመቱት በአንድ ምት ይለቃል፤ ተወጥሮ የነበረው ሲለቀቅ ወደ ፊትዎ እንዳይፈናጠር ብቻ ይጠንቀቁ። ሣርና ጥምዝምዝ ሐረግ ሲያጸዱ የግራ እጅዎ ሥራ የቆልማማ በትር ነው። በትሩ ሣሩን ይሰበስባል፣ ገጀራው ይቆርጣል፣ ጣቶችዎም ከስለቱ መንገድ ይርቃሉ።

ሰያፍ ምት አንድ ጠንቅ አለው፤ እንደ ጦር የሾለ ጉቶ ይተዋል። በቡና ለቀማ ወቅት ባዶ እግራቸውን የሚሮጡ ልጆች በሚኖሩበት ማሳ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጉቶውን ወደ መሬት አስጠግተው ይቁረጡት፣ ወይም ጫፉን መልሰው በአግድም ይምቱት። ቀኝ እጅ የሚጠቀሙ ከሆነ ከቀኝ ወደ ግራ የሚወርድ ምት የሚጨርሰው ግራ እግርዎ ዘንድ ነውና ያን እግር ወደ ኋላ ያድርጉት፤ ቦቲ ጫማ ይልበሱ፤ አብሮዎት የሚመነጥር ሰው ከሦስት ሜትር አይቅረብዎ። ከትከሻ በላይ ያለ ቅርንጫፍ በገጀራ ላለመቁረጥ ይሞክሩ። ከገጀራው ጋር በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ገመድ አንዳንዶች ይወዱታል፤ እኔ አልወደውም፣ ከእጅ ያመለጠ ገጀራ ቢርቅ ይሻላል። ቁስል ከደረሰ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ መሄድና ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት መጠየቅ ያስፈልጋል፤ አፈር የነካው ብረት ነው።

ገጀራ የማይሆንባቸው ሥራዎችም አሉ። የደረቀ ወይራና የደረቀ ባሕር ዛፍ የመጥረቢያ ሥራ ነው። የደረቀ ቀርከሃ በውስጡ ሲሊካ ስላለው ስለትን እንደ አሸዋ ይበላል፤ እርጥብ ሳለ ይቁረጡት። የቡና ጉንደላ ደግሞ የመጋዝ ሥራ ነው፤ በገጀራ የተጎነደለ ግንድ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁም ውሃና በሽታ ይገባል።

በሽታን ካነሣሁ፣ ያልጠየቁኝን ግን ለማሳዎ ከስለቱ ሁሉ የሚበልጠውን ነገር ልጨምር። ቡናን ሙሉ በሙሉ አጠውልጎ የሚያደርቀው ፉሳሪየም ዛይላሪዮይደስ የተባለው ፈንገስ ወደ ግንዱ የሚገባው በቁስል በኩል ነው፤ ያን ቁስል አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጥረው ደግሞ በቡናው ሥር አረም ሲመነጠር ግንዱን የሚነካው ገጀራ ነው። በሽታው በኢትዮጵያ ቡና ላይ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣ ጥናት ተረጋግጧል። የደረቀውን ቡና ከሥሩ ነቅሎ እዚያው ከማቃጠል በቀር መድኃኒት የለውም። ስለዚህ ከግንዱ ዙሪያ አንድ ክንድ ያህል ገጀራ አይግባ፤ ያንን በእጅ ይንቀሉት። ስለቱ በጣም ጥሩ በሆነ ቁጥር ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ዱልዱም ገጀራ ግንዱን ይቧጥጠዋል፣ የተሳለው ግን እስከ እንጨቱ ይዘልቃል።

እንሰትን የሚያጠወልገው በሽታም እንዲሁ ነው። በሽታውን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ለይተው እ.ኤ.አ. በ1968 የገለጹት ተመራማሪዎቹ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ ሲሆኑ፣ ሙዝንም እንደሚያጠቃ ከታወቀ ቆይቷል። ከታመመ እንሰት ወደ ጤነኛው ከሚተላለፍባቸው ዋና መንገዶች አንዱ ያልጸዳ ስለት ነው። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲሻገሩ ገጀራውን ማጽዳት ሰልችቶ የሚተው ሥራ አይደለም። በመጀመሪያ ጭማቂውንና ጭቃውን በሣርና በውሃ ይጥረጉ፤ የቆሸሸ ብረት ላይ በረኪና ኃይሉን ያጣል። ከዚያ አንድ እጅ በረኪና ከአምስት እጅ ውሃ ጋር በተበጠበጠበት ዕቃ ውስጥ ይንከሩት፣ ወይም በነበልባል ላይ ያመላልሱት። በእሳት የሚያጸዱ ከሆነ ብረቱ እጅ የማያስነካ እስኪሆን ድረስ ብቻ ነው፤ ቀለም እስኪቀይር ከቆየ ከላይ ያልኩት የሙቀት ጉዳት እንደገና ይመጣል፣ የፕላስቲክ እጀታም ይቀልጣል። በረኪና በበኩሉ ብረት ክፉኛ ስለሚያዝግ ማታ በንጹሕ ውሃ አጥበው፣ አድርቀው፣ ዘይት ያስነኩት።

ስለ አያያዙ የቀረው ጥቂት ነው። የእንሰትና የሙዝ ጭማቂ ሌሊቱን ካደረበት ብረቱን ያጠቁራል፤ ቀላል ዝገት በሎሚና በአመድ ይለቃል። ሻካራ የእንጨት እጀታ እጅን የሚያቆስል ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው የተልባ ዘይት ሁለት ሦስት ጊዜ ያጠጡት፤ የተልባ ዘይት ይደርቃል፣ የኑግ ዘይት ግን እንደ ሙጫ እየተጣበቀ ያስቸግራል። ዘይቱን ያስነኩበትን ጨርቅ ጠቅልለው አያስቀምጡ፤ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላልና ዘርግተው ያድርቁት። የላላ የእጀታ ብሎን ወይም ሪቬት ሳያጠብቁ ሥራ አይጀምሩ። ሰገባ ካጡ የውሃ ፕላስቲክ ቱቦ በርዝመቱ ሰንጥቀው ስለቱ ላይ ያልብሱት፤ በመኪና ሲያጓጉዙትም በዚሁ ላይ ጠቅልለው ያስሩት።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄዎ የምሰጠው መልስ፣ ሁለተኛው ገጀራ ሲለመጥ ቀጥ ብሎ ከተመለሰ አዲስ አይግዙ የሚል ነው። በዚያ ገንዘብ ሁለት ጥሩ ሞረድ ይግዙ፤ አንዱ ቤት ይቀመጥ፣ አንዱ ማሳ ይውረድ። ሁለተኛውን ገጀራ ከላይ በተገለጸው መንገድ ስለት አውጥተውለት ለጤነኛው ቡናና እንሰት ያድርጉት። በሞላ የተጎዳውን ደግሞ ጠርዙን በልተው ወፈር ባለ ስለት፣ ወደ 30 ዲግሪ አቁመው ይሳሉት፤ እጀታውን ቀይ ቀለም ይቀቡትና የታመመ ተክል ለመንቀልና ለመቆራረጥ ብቻ ይለዩት። ወፍራም ስለት ለዚያ ሥራ አይከብደውም፤ ቀይ እጀታ ያለውን ገጀራ ይዞ ወደ ጤነኛው እንሰት የሚሄድ የቤት ሰው ካዩ ማስቆም ነው።